ጆንያው ለምን ቶሎ ይሞላል? ስለ ቤት ቆሻሻ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ስለ ቤት ቆሻሻ አያያዝ የደረሱንን ደብዳቤዎች ሰብስበን እንመልሳለን። ደብዳቤዎቹ ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የሚያማርሩት በአንድ ጉዳይ ነው። ሰብሳቢ ከሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤተሰባችን ስድስት ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው ማኅበር በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳይመጣ ይቀራል። እኛ በሳምንት ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ እናወጣለን፤ የማኅበሩ ልጆች ግን አንዱን አንስተው ሌላውን “ከባድ ነው፣ ይንጠባጠባል” ብለው ይተዉታል። ደረጃው ሥር ሲያድር ውሻና አይጥ ይበታትነዋል፤ ጎረቤትም ይቆጣናል። ትርፉን ምን እናድርገው? (ወይዘሮ አ.፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወይዘሮ አ.፣ ሰብሳቢዎቹ የሰጡዎት ምክንያት የመልሱን ግማሽ ይዟል። በእርስዎ ቤት የበዛው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። በአዲስ አበባ ከመኖሪያ ቤት ከሚወጣው ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ የሚበልጠው የምግብና የአትክልት ተረፈ ነገር ሲሆን፣ የድንች ልጣጭም ሆነ የጎመን ግንድ፣ የተበላሸ ቲማቲምም ሆነ የቡና አተላ፣ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ይህ እርጥብ ነገር ከሌላው ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ በራሱ ብቻ አይቆምም። ቆራሌው ሊገዛው ይችል የነበረው ካርቶን ይርስና ዋጋ ያጣል፤ የከሰል አመዱ ጭቃ ይሆናል፤ ንጹሕ የነበረው የውሃ ፕላስቲክ በወጥ ተለውሶ የሚፈልገው ይጠፋል። ሁለተኛውን ጆንያ የሞላው ቀድሞ ቢለይ ኖሮ ቆሻሻ ሊባል የማይገባው ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ መለያየቱ የሚጀመረው ሽንኩርት በሚላጥበት ቦታ ነው። ሁሉም ነገር ከተቀላቀለ በኋላ ጆንያ ዘርግፎ የሚለይ ቤተሰብ አላየሁም፤ ለማድረግ የሚሞክርም ቢኖር ሁለተኛ አይደግመውም። በወጥ ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው አነስተኛ ባልዲ ያስቀምጡ፤ የቀለም ባልዲ በሚገባ ታጥቦ ይበቃል። ከሥሩ ደረቅ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶን ወይም በደንብ የቀዘቀዘ አመድ ጥቂት ያንጥፉበት፤ ልጣጭ በጨመሩ ቁጥርም ከዚያው ትንሽ ነስነስ ያድርጉበት። ሽታና ዝንብ የሚመጡት አየር በሌለበት በውሃ ውስጥ ከሚብላላ ምግብ ነውና፣ ደረቁ ነገር ውሃውን ሲመጠው ባልዲው ሳይሸት ቀናት ይቆያል። የሻይ ቅጠልና የቡና አተላ ባልዲው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በማጥለያ ይጥለል። የወጥ ፍርፋሪ ሲኖር መረቁን ወደ ባልዲው አይገልብጡ። የሸንኮራ ልጣጭ፣ የበቆሎ እሸት ቅጠልና ቆረቆንዳ በክረምት ብዙ ቦታ የሚይዙ ናቸው፤ እነርሱን በረንዳ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ብቻውን መጠናቸውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የጫት ገረባም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ማስቀመጫ ለደረቅና ለሚሸጥ ነገር ይሁን። ሃይላንዱ፣ ጀሪካኑ፣ ቆርቆሮው፣ ካርቶኑ፣ ያለቀበት ጫማ፣ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁሉም ፈላጊ አለው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ብረታ ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ባለሙያ እጅ ሲገባ ምድጃ፣ መጥበሻና ባልዲ ሆኖ ይመለሳል። ልዋጩም አሮጌ ልብስ ወስዶ ዕቃ ይሰጣል። ሃይላንዱን ሳይጨመቅ ከማስቀመጥ አየሩን አውጥቶ፣ ጨፍልቆ፣ ቆቡን መልሶ መግጠም ይመረጣል፤ ባዶ ጠርሙስ ከያዘው ቦታ አብዛኛው አየር ነውና ይህን ብቻ በማድረግ አንድ ጆንያ የሦስቱን ያህል ሊይዝ ይችላል። ካርቶንም ተጠፍጥፎ ይታሰር። የሚገኘው ሳንቲም አነስተኛ ነው፤ ትልቁ ጥቅም ግን እነዚህ ነገሮች ሰብሳቢው ከሚያነሳው ጆንያ መውጣታቸው ነው።

በሦስተኛው ጆንያ የሚቀረው ዳይፐር፣ የብስኩትና የከረሜላ መጠቅለያ፣ የጥራጊ አቧራ፣ ፀጉርና የመሳሰለው ብቻ ይሆናል። ይህ ጆንያ ቀላል ነው፤ አይንጠባጠብም፤ ውሻም የሚፈልገው ነገር የለበትም። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ በካርቶን ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ለሰብሳቢው በቃል ተነግሮ ይሰጥ። ጆንያውን ከዋዜማው ደረጃ ሥር ከማሳደር ይልቅ በመሰብሰቢያው ቀን ማለዳ ማውረድ፣ አፉንም አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል።

አራተኛ ፎቅ ላይ እርጥቡን የት አደርሰዋለሁ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አስቸጋሪው ይህ ነው። የሕንፃዎ ባለቤቶች ማኅበር ከብሎኩ ጀርባ አንድ ማዕዘን ከፈቀደ፣ ለብዙ ቤት የሚበቃ የብስባሽ ጉድጓድ ወይም ከእንጨት የተሠራ ሳጥን ማዘጋጀት ይቻላል፤ አሠራሩን ከዚህ በታች ለሌላ ጠያቂ በሰጠሁት መልስ ውስጥ ያገኙታል። ከብት የሚያረቡ ሰዎች በአቅራቢያዎ ካሉ ልጣጩንና የደረቀ እንጀራውን በደስታ ይወስዱታል፤ የጠላ አተላ ከጥንትም መንገዱ ወደ በረት ነበር። ነገር ግን ለከብት በሚሰጠው ውስጥ አንዲት ቁራጭ ፌስታል እንኳ እንዳትገኝ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። ፌስታል በከብት ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ከብቱን ይገድለዋል። ከእነዚህ አንዱም ካልተሳካ፣ እርጥቡ ጠልሎና ደርቆ ለብቻው ታስሮ ለሰብሳቢው ቢሰጥ እንኳ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት ያዩታል።

“መኪናው ላይ ሲደርስ መልሶ የሚቀላቀል ከሆነ ምን ይረባል?” የሚሉ አንባቢያን አሉ። ለቆራሌው የተሸጠውና በብስባሽነት የቀረው መኪናው ላይ አይወጣም፤ ጥቅሙም እዚያው በር ላይ ተገኝቷል። ደግሞም መኪናው የሚሄድበት ቦታ ለማንኛችንም ባዕድ አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ የተሸከመው የረጲ መድፊያ፣ በልማድ ስሙ ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ከዚያ አስቀድሞ በሰንዳፋ የተሠራው አዲስ መድፊያ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለተቃወሙት ተዘግቶ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር እዚያው ረጲ የተመረቀው፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያም ቢሆን የሚቃጠል ደረቅ ነገር ይፈልጋል፤ እርጥብ ቆሻሻ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙውን የራሱን ውሃ ለማትነን ይጨርሰዋል። የእርስዎ የሚንጠባጠብ ጆንያ ለሰብሳቢው ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ለሚቀበለው ሁሉ ሸክም ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር እንከፍላለን። ሆኖም ቆሻሻ የሚያነሱት ሰዎች ብዛት ያለው ጆንያ ሲያዩ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቁናል፤ ካልሰጠን ይተዉታል። ይህ ተገቢ ነው? (አቶ መ.፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ለመደበኛው የቤት ቆሻሻ ክፍያው ከውሃ ፍጆታ ጋር ተሰልቶ በቢሉ ላይ የሚጠየቅ እስከሆነ ድረስ በር ላይ ሌላ ክፍያ የማስገደድ መብት ያለው ሰብሳቢ የለም። በግድ ከተጠየቁ የወረዳዎን የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ፤ ማኅበሩንና የመጣበትን ቀን መዝግበው ቢሄዱ ነገሩ ቶሎ ይጣራል። በሌላ በኩል ግን፣ የፈረሰ ግድግዳ ፍርስራሽ፣ የተቆረጠ ዛፍ ወይም አሮጌ ፍራሽ ከቤት ቆሻሻ አይቆጠርም፤ ይህን በመደበኛው ጋሪ ላይ ጭኖ ይሂድልኝ ማለትም ተገቢ አይደለም። ለእንዲህ ያለው አስቀድሞ መነጋገርና መስማማት ያስፈልጋል። በፈቃድ የሚሰጥ ጉርሻ የራስዎ ጉዳይ ነው፤ በበኩሌ የዝናብ ወቅት ሲሆን መስጠቱን አልቃወምም።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ሰፊ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ግን እንቸገራለን። በግ ይታረዳል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ቄጠማው አለ። በማግሥቱ የምናወጣው ቆሻሻ የወር ያህል ነው። ሌጦ ገዢውም እንደ ድሮው በበሩ አያልፍም። ብስባሽ መሥራት ሞክረን ነበር፤ ሸተተና ተውነው። (የዘወትር አንባቢያችሁ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በዓል የቆሻሻ ብዛት ብቻ ሳይሆን ለብስባሽ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቀን ያቀርብልዎታል። ብስባሽ የሚሆነው ናይትሮጅን የበዛበት እርጥብ ነገርና ካርቦን የበዛበት ደረቅ ነገር በተገቢው መጠን ሲገናኙ ነው። የበጉ ፈርስ፣ የዶሮው ላባ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ የደረቀው ቄጠማ፣ የወደቀ ቅጠል፣ ገለባና የተቀዳደደ ካርቶን ከሁለተኛው። ቀድሞ የሸተተብዎ ደረቁ ስላነሰ ይመስለኛል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። በመጠን ሲታይ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ደረቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቄጠማውን በበዓሉ ማታ ከመጣል ይልቅ በፀሐይ አድርቀው በጆንያ ያቆዩት፤ እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ ለየቀኑ የወጥ ቤት ልጣጭ የሚሆን ማልበሻ ይሆንልዎታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ መርጠው ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን በእንጨት ወይም በሽቦ ያጥሩ። ከዚህ በጣም ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል። ከሥሩ አየር እንዲገባ ጭራሮ ያንጥፉ፤ ከዚያ በላይ ደረቅ፣ ከዚያ እርጥብ፣ ከዚያ እንደገና ደረቅ እያፈራረቁ ይከምሩ። ፈርሱን በመሐል ያድርጉትና በወፍራሙ በደረቅ ነገር ይሸፍኑት፤ በመጨረሻም ከላዩ አፈር ነስነስ ያድርጉበት። ላባው ቶሎ ስለማይበሰብስ ከመሐል ተቀብሮ በጥቂት በጥቂቱ ይግባ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እጅዎን ወደ ክምሩ ቢያስገቡ ሙቀት ይሰማዎታል፤ ይህ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ሥራ መጀመራቸውን የሚያሳይ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ ከመሐሉ እፍኝ ወስደው ይጭመቁት። ውሃ ከፈሰሰ ደረቅ ይጨምሩ፤ ጨርሶ ከተበታተነ ውሃ ይርጩበት፤ ጠብታ ሳይወጣው ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ በመንሽ ይገልብጡት። በባሕር ዳር ሙቀት ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ጥቁር፣ ሽታው የዝናብ አፈር የሚመስል ይሆናል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳማ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል። በክረምት ክምሩ እንዳይጨቀይ በቆርቆሮ ወይም በሸራ መሸፈን አይዘንጋ።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ስብና የዘይት ወጥ ወደ ክምሩ አይግባ፤ አይጥና ውሻ ይጠራልና። ደሙ ሩቅ ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮለት በአፈር ይከደን። አመድ ሲኖር ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂቱ ብቻ ይጨመር፤ ከበዛ የብስባሹን ኮምጣጣነት አጥፍቶ ለተክል የማይስማማ ያደርገዋል። ያልቀዘቀዘ አመድ ደግሞ በብስባሽም ሆነ በጆንያ ውስጥ እሳት ያስነሳል።

ሌጦውን በተመለከተ፣ ገበያው ከቀዘቀዘ ወዲህ በበዓል ማግሥት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ያሳዝናል። ጥሬ ሌጦ በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል፤ ስለዚህ ገዢ ፍለጋ ከመውጣት በፊት መጠበቅ ያለበት ሌጦው ነው። ከመግፈፍ ይጀምራል፤ በቢላ የተበሳ ሌጦ ዋጋው ይወድቃልና ገፋፊው ቢላውን ትቶ በጡጫ እየገፋ ቢያወጣው ይመረጣል። ከተገፈፈ በኋላ የተጣበቀበት ሥጋና ስብ ተጠርጎ፣ ጠጉሩ ወደ ታች ሆኖ በጥላ ሥር ይዘርጋ። ከሌጦው ክብደት ከሲሶ የማያንስ የገበታ ያልሆነ ደረቅ ጨው በሥጋው በኩል እስከ ጫፍ ጫፉ ድረስ ይታሽ። እንዲህ የተያዘ ሌጦ ለቀናት ስለሚቆይ የጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ላይ ወደ ነጋዴ መውሰድ ይቻላል፤ አንድ ሌጦ ብቻውን የማያስኬደው መንገድ አሥር ሲሆን ያስኬዳል። ዕድር ባለበት ሰፈር ይህን ለማስተባበር ከዕድሩ የተሻለ የለም።

ጥያቄ፦ ፌስታል ተከልክሏል ይባላል። እስከ ዛሬ ቆሻሻ የምናጠራቅመው በፌስታል ነበር። እንግዲህ በምን እናውጣው? (ተማሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ ክልከላው እንግዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ያው አዋጅ የቤተሰብ ኃላፊዎች እንደገና ሊሠራበት የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለዩም ያዝዝ ነበር። በተግባር ግን ሁለቱም ብዙ አልታዩም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ማምረትን፣ ማስገባትንና መጠቀምን ጭምር ከልክሏል። ስለ ጥያቄዎ፣ እርጥቡ በባልዲ፣ ደረቁ በማዳበሪያ ጆንያ ከተያዘ ፌስታል የሚያስፈልግበት ቦታ አይኖርም። የጤፍና የስኳር ባዶ ጆንያ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሰብሳቢው ይዘቱን ገልብጦ ጆንያውን እንዲመልስልዎ መነጋገር ነው። ፌስታል የምንሰበስበው ደግሞ ከገበያ ስንመለስ ነው፤ ዘንቢል ይዞ የሄደ ሰው ቲማቲሙንም ሽንኩርቱንም በአንዱ ይዞ ይመለሳል። ለስላሳም ቢሆን በጠርሙስ የተሸጠው ባዶው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ በፕላስቲክ የተሸጠው ግን ቤት ይቀራል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲያትል ነው። በየሳምንቱ የሚነሳው የቆሻሻ ማጠራቀሚያችን ለቤተሰቡ ይበቃል፤ ክርስትና ወይም ልደት ስናዘጋጅ ግን አይበቃም። ከጎኑ ከረጢት ስናስቀምጥ በሚቀጥለው ሒሳብ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። የምናመልጥበት መንገድ አለ? (እናት፣ ዋሽንግተን ግዛት)

መልስ፦ በሲያትል ቆሻሻ የሚከፈለው በማጠራቀሚያው ስፋት ልክ ስለሆነ፣ ከዚያ ውጭ የተቀመጠ እያንዳንዱ ከረጢት ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል፤ ክዳኑ የማይገጥም ማጠራቀሚያም ሊያስከፍል ይችላል። ነገር ግን ይህ ጥብቅ ደንብ ለቆሻሻው ነው። እንደገና ለሚሠራበት ወረቀት፣ ካርቶን፣ ጣሳና ጠርሙስ ትርፍ ሲኖርዎ ጠፍጥፈው በካርቶን ሣጥን ከማጠራቀሚያው አጠገብ ቢያስቀምጡት ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ድግስ ሲሆን ከሚወጣው ብዙው ይኸው ነው፤ የለስላሳውና የቢራው ካርቶን ሳይፈርስ ቆሻሻው ውስጥ ገብቶ ቦታውን ይጨርሰዋል።

ሌላው ምግቡ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ የምግብ ትራፊን ከቆሻሻ ጋር መጣል አይፈቀድም፤ ቦታው የምግብና የግቢ ተረፈ ነገር የሚገባበት ማጠራቀሚያ ነው። እንጀራ፣ ወጥ፣ የዶሮና የበግ አጥንት፣ የቡና አተላ፣ ምግብ የነካው ናፕኪን ሁሉ እዚያ ይገባል፤ በትልልቅ ብስባሽ ማምረቻ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍተኛ ስለሆነ፣ ለባሕር ዳሩ ጠያቂ የከለከልነው አጥንትና ሥጋ በእርስዎ ዘንድ ችግር የለውም። ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት ሳህን ግን አይገባም፤ ስለዚህ ሳህን ሲገዙ ያልተቀባውን ይምረጡ፤ ቢቻል ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከማኅበሩ የሚታጠብ ሳህን ይዋሱ። የቀረው በባቡር ተጭኖ እስከ ኦሪጎን ግዛት ድረስ ተጉዞ ነው የሚቀበረው፤ ክፍያው ለምን እንደሚከብድ ከዚህ ይገባል። ድግሱ ካለፈ በኋላ ማጠራቀሚያዎ በአብዛኛው ሳምንት ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አነስ ወዳለው ቢቀይሩት የወር ወጪዎ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሰብሳቢ በማይደርስበት ሰፈር ነው ያለነው፤ ቆሻሻውን በግቢያችን እናቃጥላለን። ጉዳት አለው? (አቶ ተ.፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አለው። በግቢ ውስጥ የሚነድ እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ፕላስቲክ፣ በተለይም እንደ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ያለው፣ በሚገባ ሳይቃጠል ዳዮክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣል፤ ጭሱን የሚስቡት ደግሞ ከሁሉ በፊት የራስዎ ልጆች ናቸው። የቤት ቆሻሻ እርጥብ ሲሆን ጭሱ ይብሳል። ሰብሳቢ በማይደርስበት ቦታ እርጥቡ ወደ ብስባሽ ከገባ፣ ደረቁም ለቆራሌው ከተቀመጠ፣ የሚቀረው በወር አንዴ ወደሚቀርበው ገንዳ በጋሪ ሊጫን የሚችል ያህል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ በየቀኑ መርፌ እጠቀማለሁ። ያለቀበት መድኃኒትና ባትሪ ድንጋይም ይጠራቀምብኛል። ከቆሻሻው ጋር ብጥለው ሰብሳቢዎቹን እንዳልጎዳ እፈራለሁ። (ወይዘሮ ብ.፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ጓንት የሌላቸው ብዙ ሰብሳቢዎች ጆንያ ሲያነሱ የሚወጋቸው እንዲህ ያለው መርፌ ነው። መርፌውን መልሰው በቆቡ ለመክደን አይሞክሩ፤ ያኔ ነው እጅ የሚወጋው። ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ለምሳሌ የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ፣ አዘጋጅተው መርፌው እንደተጠቀሙበት በቀጥታ እዚያ ይግባ፤ በላዩ ላይ “መርፌ” ብለው በጉልህ ይጻፉበት፤ ስስ ሃይላንድ ስለሚበሳ አይሆንም። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ቆቡን አጥብቀው፣ በፕላስተር አሽገው፣ ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት፤ እነርሱ የራሳቸውን መርፌ የሚያስወግዱበት ሥርዓት ስላላቸው የእርስዎንም እንዲቀበሉዎ ይጠይቁ። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ወደ መጸዳጃ ቤት አይጣል፤ ውሃውን ይበክላል። እዚያው ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት የሚቀበልዎ ካላገኙ ከማሸጊያው አውጥተው ከእርጥብ የቡና አተላ ጋር ቀላቅለው፣ በሚከደን ዕቃ አሽገው ከሚወገደው ጆንያ ጋር ይስጡት፤ ሕፃንም ሆነ እንስሳ አንስቶ አይበላውም። ባትሪ ድንጋዩን ግን ወደ ብስባሽም ሆነ ወደ እሳት አያስጠጉት፤ በደረቅ ቦታ በአንድ ጣሳ እያጠራቀሙ ለብቻው ያቆዩት፤ ፈሳሽ ማውጣት የጀመረውን በባዶ እጅ አይንኩት።